ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ የሚፈጥ ሰው ምን ያድርግ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ሰባት ደብዳቤዎች መርጠናል። አሳጥረናቸዋል፤ ላኪዎቹን ሊያሳውቅ የሚችለውንም አውጥተናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «አይዞህ»፣ «ቻይው»፣ «ለፈጣሪ ስጪው» የሚለውን ከዘመድ ሰምተው የጨረሱ ናቸው። ምክሩ ክፉ አይደለም። በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ለስንት ቀን የሚለው ግን ይጎድለዋል፤ እኛ የምንሞላው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደክሞኝ እተኛለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። ከዚያ የቤት ኪራዩ፣ የልጄ ክፍያ፣ አለቃዬ የተናገረኝ አንድ ቃል፣ ሁሉም ተሰልፎ ይመጣል። ሊነጋጋ ሲል ሸለብ ያደርገኛል፤ 12 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። አራት ወር ሆነኝ። የእንቅልፍ ኪኒን ሳልጀምር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሐሳቡ በፊት ቡናሽን እንጠይቅሽ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ደምሽ ውስጥ ነው። ድካሙ እንቅልፉን ያስጀምርልሻል፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ እንቅልፍ በተፈጥሮው ሲሳሳ ግን ለመቀስቀስ ያ ሩብ ይበቃል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 6 ሰዓት አይለፍ። በአንድ ቀን እርግፍ አድርገሽ ከተውሽው በማግስቱ ራስሽን ያምሽና እስከ ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻውን ስኒ በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አስቀድሚው። ጎረቤት ቡና ሲጠራሽ አትቅሪ፤ ጨዋታው ያስፈልግሻል። ስኒሽ ውስጥ ግን ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ይሁን። «በረካ ቀጭን ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ከአቦል ይቀጥናል እንጂ ባዶ ውኃ አይደለም።

ቀጥሎ አልጋው። አልጋ ላይ 8 ሰዓት ተኩል ትቆያለሽ፤ ከአጻጻፍሽ የምትተኚው 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የቀረው 3 ሰዓት አልጋሽን ማሰቢያ ቦታ አድርጎታል፣ ሰውነትሽም ለምዶታል። «ደክሞኛልና ዛሬ ቀደም ልበል» ማለት ያንን 3 ሰዓት ወደ 4 ያሳድገዋል እንጂ እንቅልፍ አይጨምርም።

ለአንድ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተኛሽ በየጠዋቱ በግምት ጻፊ። ሌሊት ሰዓት አትዪ፤ ግምቱ ይበቃል። አማካዩ 5 ሰዓት ተኩል ከወጣ አልጋ ላይ የምትቆዪው 6 ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጠዋት 12። እሑድም ሆነ በዓል 12 ሰዓት ላይ ተነሺ። አልጋ ላይ ካሳለፍሽው 85 በመቶውን፣ ማለትም ከ6ቱ ሰዓት 5 ያህሉን ለሳምንት ከተኛሽ፣ መኝታሽን በ15 ደቂቃ አስቀድሚ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ 15። አልጋ ላይ የምትቆዪበትን ጊዜ ከ5 ሰዓት ተኩል በታች አታውርጂው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ቀን ቀን ያንጎላጅሻል፣ ትበሳጫለሽም። መኪና የሚነዳ፣ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (መንፈስ እየተፈራረቀ ከልክ በላይ የሚነሣበትና የሚወርድበት ሕመም) ያለበት ሰው ይህን ያለ ሐኪም አይሞክረው።

ሌሊት ነቅተሽ 20 ደቂቃ ያህል ያለፈ ከመሰለሽ ከአልጋ ውረጂ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ጋቢ ደርበሽ፣ ጀርባሽን ለአልጋው ሰጥተሽ በርጩማ ላይ ተቀመጪ። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን፤ ስልክ አይነካ። ልብስ ማጠፍም ሆነ ያነበብሽውን መጽሐፍ መድገም ይሆናል፤ ዋናው የሚያጓጓ ነገር አለመሆኑ ነው። የሌሊት ጸሎት ካለሽም እዚያው ተቀምጠሽ አድርሺ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ።

ሐሳቡ ደግሞ የራሱ ሰዓት ይሰጠው። በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ 20 ደቂቃ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። ወረቀቱን በመስመር ክፈይው። በቀኝ በኩል እጅሽ ያለበትን ጉዳይ ከአንድ እርምጃ ጋር ጻፊ፤ «ኪራይ፣ ሐሙስ 4 ሰዓት ላይ አከራይዋን አነጋግራለሁ» እንደማለት። በግራ እጅሽ የሌለበትን ጻፊ፤ ለእሱ እርምጃ አይጻፍም። ሌሊት ሐሳብ ሲመጣ አንድ ቃል ብቻ ጫር አድርገሽ «ነገ 12 ሰዓት» በይው። ይህ ዘዴ የሚበላሸው ሰዎች መኝታ ላይ ሆነው ሲሠሩት ነው፤ ያኔ ጭንቀቱን ራሳቸው አልጋ ውስጥ ያስገቡታል።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከመገናኛ ስታዲየም በባቡር ነበር የምመላለሰው። ከሦስት ወር በፊት ባቡሩ ውስጥ ልቤ በኃይል መታ፣ አየር አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ መሞቴ ነው አልኩ። ሰው ከቦኝ ክብሪት አሸተቱኝ። ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፣ ልቤ በማሽን ታየ፣ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። አሁን ባቡርም ታክሲም መሳፈር አልቻልኩም። ምንም ከሌለብኝ ይሄ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ምንም የለብህም» ያሉህ ልብህን እንጂ አንተን አይደለም። የነገርከን ፓኒክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ይመስላል። ሰውነት እሳት ሳይነሣ የእሳት ደወሉን ደወለ እንደማለት ነው። ደወሉ ሲጮህ ሳታውቀው ፈጣን ትንፋሽ ትተነፍሳለህ፤ የተቃጠለው አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሚገባው በላይ ይወጣል። የጣት መደንዘዝ፣ የከንፈር መውረር፣ የራስ መቅለል የሚመጣው ከዚያ ነው። አየር ያጠረህ መስሎሃል እንጂ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ አብዝተህ ተንፍሰሃል። ማዕበሉ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። ራስን መሳትም በፓኒክ ብርቅ ነው፤ በዚያች ሰዓት የደም ግፊት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም።

ታይሮይድ፣ ደም ማነስና ስኳር ካልታዩልህ አንድ ጊዜ ታይተው ይለቁ። ከዚያ በኋላ ልብን ደጋግሞ ማስመርመር ለሁለት ቀን ያረጋጋና በሦስተኛው ፍርሃቱን ይቀልበዋል። በሥራ ወይም ደረጃ በመውጣት የሚብስ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ከመጣ፣ ወይም በእርግጥ ራስህን ከሳትክ ግን ሆስፒታል ሂድ።

ትንፋሹን የምትለማመደው ደህና በሆንክበት ሰዓት ነው፤ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት። ተቀመጥ፤ አንድ እጅ ደረትህ ላይ፣ አንዱ እምብርትህ ላይ። በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። የሆድህ እጅ ይነሣ፣ የደረትህ ይረፍ። ከበደህ? በ3 እና በ4 ጀምር። ትልቁ ስህተት «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደረትን ሞልቶ መሳብ ነው፤ ያ የተቃጠለውን አየር ይብስ ያወጣዋል፣ ራስህም ይዞራል። ትንሽ አስገባ፣ በቀስታ አስወጣ። ሌላው ስህተት ትንፋሹን ፍርሃቱን በግድ ማባረሪያ ማድረግ ነው። «ሄደ? አልሄደም?» እያልክ ከፈተሽከው አይሄድም። ክብሪቱን በተመለከተ፣ ጭሱ ምንም አይረዳህም፤ ለቤተሰብህ «ዙሪያዬን ልቀቁልኝ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁኝ» ብለህ ቀድመህ ንገር።

ዋናው ሥራ ግን ባቡሩ ነው። ትንፋሹ ያግዛል እንጂ ወደ ባቡሩ ሳትመለስ አትድንም። ፍርሃትህን ከ0 እስከ 10 ለካ፤ ከ4 አካባቢ ጀምር። ለምሳሌ መገናኛ ጣቢያ ቆመህ ሳትሳፈር ሦስት ባቡር አሳልፍ። ቀጥሎ ከጓደኛህ ጋር እስከ ሌም ሆቴል፣ አንድ ጣቢያ። ቀጥሎ ብቻህን እዚያው። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት እስከ ኡራኤል፣ ከዚያ እስከ ስታዲየም፣ በመጨረሻ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በግፊያው። እያንዳንዱን ደረጃ በሳምንት 4 ወይም 5 ጊዜ ደጋግመው፤ ቁጥሩ ወደ 2 ወይም 3 ሲወርድ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ ከወረድክ ሰውነትህ «ያዳነኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይማራል። መውረድ ግድ ከሆነብህ ቤት አትመለስ፤ ጣቢያው ላይ ቆመህ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ የሚቀጥለውን ያዝ። የውኃ ጠርሙስ መጨበጥ፣ በር በር መቆም፣ እናትህ ጋር ስልክ ከፍቶ መሄድም ቀስ በቀስ መቅረት አለባቸው። ካልቀሩ ምስጋናው ሁሉ ለጠርሙሱ ይሄዳል።

ጫት የምትቅም ከሆነ በዚህ ወቅት አቁም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፤ አንተም ልብህ በፈጠነ ቁጥር ትደነግጣለህ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ለጭንቀቷ ዲያዜፓም ታዞላት ነበርና የተረፋትን ሰጠችኝ። ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ወሰድኩ፤ በደንብ ያስተኛል። ብቀጥልስ?

መልስ፦ አትቀጥዪ፤ ዛሬውኑ ግን በራስሽ አትቁረጪ። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ሰውነትን ማስለመድ ይጀምራል። ድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያመጣ ይችላል። የወሰድሽውን መጠንና የቀኑን ብዛት ጽፈሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እየቀነሰ ያስቆምሻል። እስከዚያ በሚወሰድበት ማታ ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም አይቀመስ፤ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠዋት መነሣት ያስጠላኛል፣ ሬዲዮ እንኳ አልከፍትም፤ ከእድር በቀር የሚጠራኝም የለም። ምግብ ጣዕም አጣብኝ። ማታ ሁለት መለኪያ አረቄ እወስዳለሁ፤ ካለዚያ አልተኛም። ልጆቼ «እርጅና ነው» ይላሉ። መንፈሴ ሲመለስ አንድ ነገር እጀምራለሁ ብዬ ነበር፣ አልመለስ አለኝ።

መልስ፦ አባታችን፣ እርጅና ብቻውን እንዲህ የምግብ ጣዕም አያጠፋም፣ ሬዲዮም አያዘጋም። ደስታ ማጣት፣ የጠዋት መክበድና የምግብ አለመጣፈጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆዩ ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል፤ ይታከማል። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ማነስ፣ ታይሮይድና ስኳር ይታዩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ። ጆሮዎም ይመርመር። ጨዋታ መስማት ያቃተው ሰው ከጨዋታ ይሸሻል፤ ሌላውም ኩራት ይለዋል።

«መንፈሴ ሲመለስ እጀምራለሁ» ያሉት የቅደም ተከተል ስህተት ነው። በዚህ ሕመም ውስጥ መንፈስ የሚመለሰው ሥራውን ተከትሎ ነው፤ እስኪመለስ የጠበቀ ሰው ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይለውጡ፤ በደብተር ላይ በየሁለት ሰዓቱ ምን እንደሠሩና መንፈስዎ ከ10 ስንት እንደነበረ ብቻ ይመዝግቡ። እንደ ክፍል መከታተያ ደብተር ይቁጠሩት። ሁሌም 1 ነው ያሉት ቀን ውስጥ አንዳንድ 3 ያገኛሉ፤ ምናልባት ከፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ምናልባት የጎረቤት ልጅ ሰላም ሲልዎት።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ቀንና ሰዓት ቆርጠው ያስገቡ። አንዱ ለሰውነት፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ መንገድ። አንዱ ሳይሠራ የቆየ ጉዳይ፦ የመብራት ሂሳብ፣ የተሰበረ መቀመጫ። አንዱ ሰው ያለበት፦ የድሮ ባልደረባን ቡና መጥራት፣ ወይም የሰፈር ልጅን በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ማስጠናት። ነገሩ ከበደዎት? ያሳንሱት። 15 ደቂቃው መንገድ እስከ በሩ ደርሶ መመለስ ይሁን። ሰዎች የሚወድቁት አቅማቸው 2 ሲሆን እቅዱን በ10 አቅም ስለሚያወጡት ነው። ሲሠሩትም ደስታ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኘው «አደረግሁት» የሚለው ብቻ ነው፣ እሱም ይቆጠራል።

አረቄው እንቅልፍ ያስጀምራል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይሰብራል፣ በማግስቱም መንፈስን ያወርዳል። በሳምንት በግማሽ መለኪያ ይቀንሱ። ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎት ከሆነ በራስዎ አይቀንሱ፤ ለሐኪም ይንገሩ።

ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ መሻሉ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ነው፤ ሠራ አልሠራም የሚባለው እስከ 6 ሳምንት ተጠብቆ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው ሰው የሚጥለው ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ከዳኑ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ነው ያለሁት። እናቴ ከአምስት ወር በፊት አረፈች። ቤተሰቦቼ ደብቀውኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ በድምፅ መልእክት ነገሩኝ። ማዳሜ አንድ ቀን ሰጠችኝ። አላለቀስኩም። አሁን ራሴን ያመኛል፣ በትንሹ እቆጣለሁ፣ አንዳንዴ የእናቴ ድምፅ ሲጠራኝ እሰማለሁ። እያበድኩ ነው?

መልስ፦ እያበድሽ አይደለም እኅታችን። የሞተብንን ሰው ድምፅ መስማት፣ በበር ሲገባ ያየን መምሰል፣ ሐዘን ባለበት ብዙ ቤት የሚያጋጥም ነው። ያንቺን ያከበደው መርዶው የመጣበት መንገድ ነው። በአገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ይነገራል። ከዚያ ለቅሶው፣ ሙሾው፣ ሠልስቱ፣ አርባው አለ፤ እድሩ ያበስላል፣ ሐዘንተኛው ሥራ አይነካም። አንቺ ከዚህ ሁሉ የደረሰሽ የድምፅ መልእክቱ ብቻ ነው። ለቅሶው አልቀረብሽም፤ ቦታ አላገኘም።

እንግዲህ ቦታ እናብጅለት። የዕረፍት ቀንሽ ላይ ከቤት ሰው አንዱን፣ የሚታገሥሽን፣ በቀጠሮ ደውለሽ ሙሉውን ጠይቂ። ማን አጠገቧ ነበር፣ ምን ተናገረች፣ ማን ገነዛት፣ የት ተቀበረች። የመቃብሩን ፎቶ ይላኩልሽ። ይህ ቁስል መንካት ይመስላል፤ ያልተነገረሽን ግን ሐሳብሽ በየሌሊቱ ከእውነቱ አክፍቶ ይሠራዋል። ለምን እንደደበቁሽም እዚያው ተናገሪ፤ «ልትጠብቁኝ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔን ግን ከለቅሶዋ አስቀራችሁኝ»። ይህን ሳትዪ የዋጥሽው ቁጣ ነው በትንሹ የሚወጣው።

ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ። ሁለት ወይም ሦስት የአገርሽን ልጆች፣ በአካል ካልሆነ በስልክ፣ ሰዓት ቆርጣችሁ ተቀመጡ፤ ስለ እናትሽ አንቺ አውሪ፣ እነሱ ይጠይቁ። እንባው ቢመጣም ባይመጣም 30 ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ ፊትሽን ታጠቢ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ አሳርፈሽ በክፍሉ ያለውን አምስት ነገር በስሙ ጥሪ። ወደ ሥራ የምትመለሺው ከዚያ በኋላ ነው።

መጻፍ የምትወጂ ከሆነ በተከታታይ አራት ቀን 15 ደቂቃ ስለ እሷ ጻፊ፤ ለማንም የማይታይ ስለሆነ ፊደልና ሰዋስው አያስጨንቁሽ። ስልክሽን የሚያይ ሰው ካለ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቅደጂው። ከጻፍሽ በኋላ ለአንድ ሁለት ሰዓት ሊከፋሽ ይችላል፤ ስለዚህ ሊተኙ ሲሉ አይጻፍም። ለሙት ዓመቷም ተዝካር ይሁን ሰደቃ፣ ገንዘቡን ልከሽ ብቻ አትቅሪ። አንዱን ነገር አንቺ ወስኚ፤ ድፎው ስንት ይሁን፣ ማን ይጠራ፣ ማን ይናገርላት።

ስድስት ወር አልፎም ናፍቆቱ በየቀኑ ሥራ የሚያስቀር ከሆነ ወይም «እሷ ጋ ልሂድ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለባለሙያ የሚነገር ነው፤ ያኔውኑ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ባይፖላር ተብሎ ሁለት ዓመት ሊቲየም ወስዷል፤ ደህና ነው። አሁን ለ14 ቀን ጠበል ሊገባ ነው፤ አብረውት የሚሄዱት «መድኃኒቱን አቁምና ግባ» ይሉታል። እኔስ ምን ልበል?

መልስ፦ ጠበሉን አትከልክዪው፤ መድኃኒቱንም አይተወው። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ወደ እነሱ ውሰዱት። ሊቲየም በአንድ ጊዜ ሲቆም ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ «ጠበሉ ቀሰቀሰበት» የሚባለው የተቋረጠው መድኃኒት ሥራ ነው።

አደጋው ግን በሌላም በኩል ስላለ ለብቻው እናንሣው። ሊቲየም የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሰው ሳይጠጣ ሲውል፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው ሊቲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይመርዛልም። በጠበል ቦታ ሦስቱም ይገኛሉ። ስለዚህ ከመሄዱ ከሳምንት በፊት የሊቲየም መጠንና የኩላሊት ምርመራ ይሠራለት፤ ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻውን ኪኒን ከወሰደ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። ሐኪሙን «በቀን አንዴ፣ ማታ ሊሆንለት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። መጠጣት በሚፈቀድለት ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣ። ጨው እንደ ወትሮው ይሁን፤ ጨው ሲቀንስ ሊቲየም ይጨምራል። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይዋጥ፣ ፓራሲታሞል ይሆናል። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ያን ዕለት ኪኒኑን ይዝለልና ጤና ጣቢያ ይሂድ። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ደግሞ ጥርጥር የለውም፣ ወደ ሆስፒታል።

አንድ ነገር ሁሉም ይረሳዋል። ባይፖላር ላለበት ሰው የሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ሊያስነሣው ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቆም አገልግሎት ለእሱ ይቅርበት፤ 7 ሰዓት እንዲተኛ አብሮት የሚያድር ሰው ኃላፊነት ይውሰድ። ተመሳሳዩ የውኃና የምርመራ ጥንቃቄ ረመዳን ለሚጾምም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የ15 ዓመት ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ከትምህርት ቤት ተደውሎ «ዲፕረስድ ነው» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም፤ ታናሽ እኅቱ ናት የተረጎመችልኝ። እኛ ስንት አሳልፈን የመጣን፣ እሱ ምን ጎደለውና ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለእኛ እንደጻፉልን ይቁጠሩትና ለእሱ አይንገሩት። እውነት ቢሆንም ልጁ የሚሰማው «ለመታመም መብት የለህም» የሚለውን ነው፤ በሩን ይበልጥ ይዘጋዋል። ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅም አያዋጣም። መኪና ውስጥ፣ ሁለታችሁም ወደ ፊት እያያችሁ፣ «ሰሞኑን ከሰው እንደራቅክ አይቻለሁ። አልቆጣም፤ ልስማህ» ይበሉት። ዝም ካለ ዝም ይበሉ፤ በማግስቱ ይድገሙት።

ከዚያ ቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ የነበረበትን ልጅ ያቀለዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ የእርስዎን የግፊት መድኃኒት ጨምሮ፣ ይቆልፉ፤ መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። በአሜሪካ 988 ቀንና ሌሊት ይነሣል። ሲደውሉ «አምሃሪክ ፕሊስ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። በጽሑፍ መልእክት ከሆነ ግን በአማርኛ አይመልሱም፤ ስለዚህ ይደውሉ።

ታናሽ እኅቱን ከአስተርጓሚነት ያውጧት። ለእሷም ሸክም ነው፣ እሱም በእሷ ፊት አይናገርም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ አብረው ይጠይቁ። አስተርጓሚው የምታውቁት የሰፈር ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ከመጣ ሌላ እንዲቀየርልዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ ነውር የለውም። ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ሲያነጋግር አይክፋዎት። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ነገር ጠይቀው ይውጡ፤ ልጁ ከሚናገረው የትኛው ለእርስዎ እንደሚነገር፣ እና በሁለት ቀጠሮ መካከል ቢብስበት የሚደውሉበት ስልክ።